የፋብሪካ ኃይል ቁጠባና የመንግሥት ፕሮግራሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች የፋብሪካ ባለቤቶች፣ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊዎችና የፋይናንስ ሰዎች በስልክም፣ በስብሰባ መሀል በሻይ ሰዓትም ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር አልቋል። ጥያቄው ራሱ እንዲያ ስለሆነ ነው።

“የኢነርጂ ብቃት” ሲባል መብራት አጥፉ ማለት ነው?

አይደለም። መብራት ማጥፋት ቤት ውስጥ ያዋጣል፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን አምፖል የሚወስደው ከጠቅላላው ፍጆታ ትንሹን ነው። ኢንዱስትሪ ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚበሉት ሞተሮች ናቸው፦ ፓምፑ፣ ፋኑ፣ ኮምፕረሰሩ፣ ወፍጮው። ከዚህ ሌላ ቦይለሩና እቶኑ የሚያነዱት ነዳጅ አለ። ብቃት ማለት ያንኑ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ያንኑ ሜትር ጨርቅ፣ ያንኑ ሳጥን ቢራ ባነሰ ኪሎዋት ሰዓትና ባነሰ ነዳጅ ማውጣት ነው። ምርት ቀንሶ “ቢላችን ወረደ” ማለት ቁጠባ አይደለም፤ ግማሽ ፋብሪካ መዝጋት ነው።

ስለዚህ የወር ቢል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ቢሉ በወሩ ምርት ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር አስልቶ የሚያውቅ ፋብሪካ ግን ጥቂት ነው።

ገንዘቡ የፋብሪካው ነው። መንግሥት ምን አገባው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ነጋዴ ትርፉን ስለሚያውቅ ብክነቱንም ራሱ ይቀንሳል ብሎ መገመት ይቻላል። ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ላየ ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሞተሩን የሚገዛው የግዥ ክፍል ነው፤ እሱ የሚያየው ፕሮፎርማ ላይ ያለውን ዋጋ ነው። ቢሉን የሚከፍለው ፋይናንስ ነው፤ እሱ ሞተሩ የት እንዳለ አያውቅም። ሞተሩን የሚያውቀው የጥገና ክፍል ነው፤ እሱን ደግሞ ማሽን ካልቆመ በቀር የሚጠይቀው የለም። ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሞተር በዕድሜው ሙሉ ከሚያስወጣው ወጪ ከመቶ ዘጠናው በላይ የኤሌክትሪክ ነው፤ የመግዣ ዋጋው ኢምንት ነው። ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ ሦስት ጊዜ በርካሽ ሪዋይንድ የተደረገ (የመዳብ ሽቦው እንደገና የተጠመጠመ) ሞተር “አሁንም ይሠራል” ተብሎ ሲመሰገን ትሰማላችሁ። መሥራቱንማ ይሠራል፤ ስንት እየበላ እንደሚሠራ ግን የለካው የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የአገር ነው። አንድ ፋብሪካ ያባከነውን ኃይል ለመተካት ሌላ ማመንጫ፣ ሌላ መስመር፣ ሌላ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ነዳጅ ከሆነ ደግሞ የሚገባው በዶላር ነው። ይህ ወጪ በአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ላይ አይታይም።

አሜሪካ ተማሪዎችን ወደ ፋብሪካ ትልካለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔም ከሁሉም የምወደው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ከናረ በኋላ፣ በ1976 የኢንዱስትሪ ምዘና ማዕከላት የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የምህንድስና ፕሮፌሰርና ተማሪዎቹ መለኪያ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ይሄዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፤ በ60 ቀን ውስጥ “ይህን ብታደርጉ ይህን ያህል ዶላር ታድናላችሁ፤ ወጪው በዚህን ያህል ወር ይመለሳል” የሚል ሪፖርት ይልካሉ። ፋብሪካው አይከፍልም፤ የሚከፍለው የፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነው። ከወራት በኋላ ደግሞ ደውለው “ከነገርናችሁ የትኛውን ሠራችሁ? ያልሠራችሁትን ለምን ተዋችሁ?” ይላሉ። ከ20 ሺህ በላይ ምዘናዎች እንዲህ ተካሂደዋል፤ የምክሮቹ መዝገብም ማንም እንዲያየው በነጻ ተለጥፏል።

ብልሃቱ ሁለት ነው። ፋብሪካው ነጻ ምክር ያገኛል፤ አገሪቱ ደግሞ የፋብሪካ ወለል ረግጦ የሚመረቅ መሐንዲስ ታገኛለች። የእኛ የምህንድስና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ፋብሪካ ገብተው ፋይል ሲያደራጁ የሚከርሙበትን ጊዜ ሳስብ ይቆጨኛል።

አሜሪካ ሆናችሁ የምግብ ማቀነባበሪያ ወይም ሌላ ማምረቻ ያላችሁ ወገኖች ትጠይቁኛላችሁ። የፕሮግራሙ የቆየ መስፈርት የዓመት የኃይል ወጪ ከ100 ሺህ ዶላር በላይና ከ3.5 ሚሊዮን በታች፣ ሠራተኛ ከ500 በታች፣ በግቢው ውስጥም የራሱ የኢነርጂ ባለሙያ የሌለው የሚል ነው። ትንሽ እንጀራ ቤት መነሻውን አይሞላም፤ ለየሱቁ የሚያከፋፍል ትልቅ ጋጋሪ ግን ሊሞላ ይችላል። የፌዴራል በጀት ከአስተዳደር አስተዳደር ስለሚለዋወጥ፣ በአቅራቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ አሁን የሚቀበል መሆኑን ደውላችሁ አጣሩ።

ጃፓንስ?

ጃፓን በሕግ ሄደች። የ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) የኢነርጂ ቁጠባ ሕግ በዓመት ከ1,500 ኪሎሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ጋር የሚመጣጠን ኃይል የሚጠቀም ሁሉ ኃላፊ እንዲሾም፣ በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርብና በአንድ ምርት የሚወጣውን ኃይል በአማካይ በዓመት 1 በመቶ እንዲቀንስ ይጠብቅበታል። ኃላፊ ለመሆን የመንግሥት ፈተና ወይም እውቅና ያለው ሥልጠና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ስም ብቻ ሰጥቶ ማለፍ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቶቹ በደረጃ ተመድበዋል፤ የጎበዞቹ ስም ለሕዝብ ይወጣል። ለጃፓን ኩባንያ ስሙ ከዚያ ዝርዝር መቅረቱ ከገንዘብ ቅጣት ሳይብስበት አይቀርም።

የሕንዱ “የቁጠባ ሰርተፊኬት” ንግድ እንዴት ነው የሚሠራው?

ይሄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ለታዳጊ አገር የተሠራ ትልቁ ሙከራ ነው።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የኢነርጂ ቁጠባ ሕግ አወጣች፤ በ2002 የኢነርጂ ብቃት ቢሮ የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ቢሮው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያደረገው ብዙ ሰው የማያወራለትን ነገር ነው፦ ብሔራዊ ፈተና እያዘጋጀ የኢነርጂ ሥራ አስኪያጆችንና ኦዲተሮችን አፈራ። ሰው ከተገኘ በኋላ በ2012 ዋናው ፕሮግራም ተጀመረ። በስምንት ዘርፎች ያሉ 478 ትልልቅ ተቋማት ተመረጡ፦ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ፣ አሉሚኒየም፣ ወረቀት፣ ጨርቃጨርቅ፣ ክሎር አልካሊና የኃይል ማመንጫዎች። እያንዳንዱ ተቋም የራሱ መነሻ (ፕሮግራሙ ሲጀመር ለአንድ ምርት የሚያወጣው ኃይል) ተለካለት፤ ለራሱ ብቻ የሚሆን የሦስት ዓመት ግብም ተሰጠው። ቀድሞውንም ጎበዝ ለነበረው ትንሽ ግብ፣ ብዙ ለሚያባክነው ትልቅ ግብ። ይህ ትልቅ ፍርድ ነው። ሁሉንም “10 በመቶ ቀንሱ” ብትላቸው ኖሮ ቀድሞ የደከመው ይቀጣ ነበር።

ግቡን አልፎ የቆጠበ ሰርተፊኬት ያገኛል፤ አንዱ ሰርተፊኬት አንድ ቶን ዘይት የሚያህል ቁጠባ ነው። ያልደረሰው ከደረሰው ይገዛል፤ ካልገዛ ይቀጣል። በመጀመሪያው ዙር የታሰበው 6.7 ሚሊዮን ቶን ዘይት የሚያህል ቁጠባ ነበር፤ የተገኘው 8.67 ሚሊዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ሁሉም ያጨበጭባል። ገበያው ሲከፈት ግን ሌላ ነገር ታየ። ሻጭ በዛ፣ ገዥ አነሰ፦ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሰርተፊኬት ተሰጥቶ ለመግዛት የተገደዱት የሚያስፈልጋቸው 1.4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ግብይቱ የተጀመረው መስከረም 2017 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ1,200 ሩፒ ተከፍቶ ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። መንግሥት ለአንድ ቶን ዘይት የተመነው ዋጋ ግን ከ10 ሺህ ሩፒ በላይ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰነፉ ፋብሪካ ማሽን ከሚቀይር ሰርተፊኬት ቢገዛ ይሻለዋል። ከዚህ የምወስደው፣ ግቡ እንደላላ ሰርተፊኬቱ ወረቀት ብቻ ይሆናል የሚለውን ነው። ሕንድ አሁን ይህንን አሠራር ቀስ በቀስ ወደ ካርቦን ክሬዲት ገበያ እያዞረችው ነው፤ ሕጉን በ2022 አሻሽላ፣ ዕቅዱን በ2023 አውጃለች።

ቻይና መብራት እያጠፋች ግቧን መታች የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ቻይና ለአንድ ዩዋን ምርት የሚወጣውን ኃይል በ20 በመቶ እቀንሳለሁ አለች። ከአገሪቱ ፍጆታ ሲሶውን የሚበሉ 1,008 ድርጅቶችን መርጣም ፈረመች፤ የየአካባቢው ባለሥልጣን ሹመት ሳይቀር በዚህ ቁጥር ይመዘን ጀመር። አብዛኛው ሥራ የምር ነበር፦ አሮጌ እቶኖች ተዘጉ፣ ከሲሚንቶ እቶን የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ተደረገ።

የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ ግን ቁጥራቸው የጎደለባቸው ወረዳዎች ደነገጡ። በሄቤይ ክፍለ ሀገር አንፒንግ በምትባል ወረዳ የቤቶችና የትራፊክ መብራት ሳይቀር ተቆረጠ። በሌሎች ከተሞች ኤሌክትሪክ የተነፈጉ ፋብሪካዎች ጀነሬተር ገዝተው ናፍጣ ማንደድ ጀመሩ፤ በዚያው መኸር ቻይና ውስጥ ናፍጣ ጠፍቶ የከባድ መኪና ሰልፍ በየማደያው ታየ። ኤሌክትሪክ ቆጠቡ፣ ናፍጣ አቃጠሉ። በመጨረሻ የተገለጸው ቁጥር 19.1 በመቶ ነው።

አውሮፓ?

ባጭሩ፦ የአውሮፓ ኅብረት ትልልቅ ድርጅቶችን በየአራት ዓመቱ የኢነርጂ ኦዲት (የኃይል አጠቃቀም ምርመራ) ያስገድዳል፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 2015 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በ2023 የተሻሻለው መመሪያ ከሠራተኛ ብዛት ይልቅ የፍጆታ መጠንን መስፈርት አድርጓል፤ ሚዛናዊ ለውጥ ነው። ጀርመን ደግሞ ለብዙ ዓመታት “የኢነርጂ አስተዳደር ሥርዓት ካለህ የግብር ቅናሽ አለህ” ትል ነበር። የአይኤስኦ 50001 (የኢነርጂ አስተዳደር ዓለም አቀፍ ደረጃ) ሰርተፊኬት በጀርመን እንደ አሸን የፈላው ጀርመኖች ወረቀት ስለሚወዱ ብቻ አይደለም።

በእኛ አገር ምን አለ?

ሕግ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ሥራው በዋናነት የኤሌክትሪክ ዘርፉን መቆጣጠር ነበር። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲመጣ ኤጀንሲው ወደ ኢነርጂ ባለሥልጣን አደገ፤ ቁጠባና ብቃትም በሕግ የተሰጠው ተግባር ሆነ። ደንብ ቁጥር 447/2011 ዝርዝሩን አወጣ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ከነዳጁ ተቆጣጣሪ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተብሏል። ይህ መጣመር ለፋብሪካ ሰው ትርጉም አለው፦ ቦይለሩም ቆጣሪውም አሁን የሚታዩት ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው።

በእኔ አስተያየት የጎደለን አዋጅ አይደለም። የጎደለን ጃፓንና ሕንድ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ነው፦ በየትልልቁ ፋብሪካ ውስጥ ስሙ የሚታወቅ፣ የተፈተነ፣ በየዓመቱ አንድ ቁጥር የሚፈርም ሰው። ግብ፣ ገበያ፣ ሽልማት ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። መነሻው ካልተለካ “20 በመቶ ቆጠብን” የሚል ባነር ማሳተም ቀላል ነው፤ ከምን ላይ 20 እንደሆነ የሚጠይቅ ስለማይኖር።

ሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ሳለ ስለ ቁጠባ ማውራት ምን ያደርጋል?

ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ደስ ይላል። ግን ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ግድቡ ጉባ ነው፤ ፋብሪካችሁ ያለው ዱከም ወይም ኮምቦልቻ ነው። በመሀል ያለው ማከፋፈያ ጣቢያና ትራንስፎርመር ግድቡ ስለተመረቀ አልሰፋም። ሁለተኛ፣ ለጅቡቲም ለኬንያም ኃይል እንሸጣለን፤ እዚህ የባከነች ኪሎዋት ሰዓት በዶላር ልትሸጥ ትችል የነበረች ናት። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ቦይለራችሁ የሚያነደው ፈርነስ (ከባዱ ጥቁር ነዳጅ)፣ የሲሚንቶው እቶን የሚበላው የድንጋይ ከሰል ከግድቡ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ታሪፋችን ርካሽ ነው፤ ቁጠባው ምኑ ያዋጣል?

ርካሽ ነበር ማለቱ ይሻላል። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሳይነካ ቆየ፤ በ2011 በአራት ዓመት የሚተገበር ጭማሪ መጣ፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚሄድ ሌላ ማሻሻያ ተጀመረ። የነዳጅ ድጎማውም ከሐምሌ 2014 ወዲህ ደረጃ በደረጃ ተነስቷል። ከአራት ዓመት በፊት “አያዋጣም” ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የገባ ጥናት ካላችሁ አውጥታችሁ በዛሬ ዋጋ እንደገና አስሉት።

ቢሉንም እስከ ታች አንብቡ። የኢንዱስትሪ ደንበኛ የሚከፍለው ለኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ ለደረሰበት ከፍተኛ ጭነትም ይከፍላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉንም ማሽን በአንዴ የሚያስነሳ ኦፕሬተር የወሩን ከፍተኛ ጭነት በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊሰቅለው ይችላል። በየተራ ማስነሳት ምንም ወጪ የለውም።

የኢነርጂ ኦዲት ምን ይመስላል? መርማሪ ነው የሚመጣው?

ኦዲት የሚለው ቃል ሰው ያስፈራል፤ የሂሳብ ኦዲት ስለሚመስል። እንዲያውም ሐኪም ቤት መሄድን ይመስላል። ባለሙያው የዓመት ቢሎችንና የምርት መዝገቡን ያያል፤ ከዚያ ክላምፕ ሜትር፣ የሙቀት ካሜራ፣ የጭስ ጋዝ መለኪያ ይዞ ወለሉ ላይ ይዞራል። የስቲም ቧንቧ መሸፈኛው የት እንደተገለጠ፣ ስቲም ትራፑ (ውኃውን አስወጥቶ እንፋሎቱን የሚይዘው ቫልቭ) የቱ ጋ እንደተበላሸ፣ ኮንደንሴቱ (እንፋሎቱ ሙቀቱን ሰጥቶ የሚሆነው ትኩስ ውኃ) ወደ ቦይለር ይመለስ ወይስ ወደ ቦይ ይፍሰስ ያያል። ወደ ቦይለር የሚገባው ውኃ በ6 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ነዳጁ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ያ ቦይ ውስጥ የሚፈሰው ትኩስ ውኃ ደግሞ አንዴ ተከፍሎበታል።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ፋብሪካ እሑድ ጠዋት ሄድኩ፤ ምርት የለም፣ ወለሉ ጭር ብሏል። ከወደ ጓሮ ግን አንድ ድምፅ አለ፦ ባለ 55 ኪሎዋቱ ኮምፕረሰር። በር የከፈቱልኝ አዛውንት ዘበኛ፣ “ይሄ ነገር አያርፍም ልጄ፤ ሌሊትም እንዲሁ ነው” አሉኝ። ሰዓቴን አውጥቼ ቆጠርኩ። 40 ሰከንድ አየር ይሞላል፣ 60 ሰከንድ ባዶውን ይዞራል፤ እንደገና 40፣ እንደገና 60። አንድም ማሽን ሳይሠራ ከመቶው 40 ጊዜ የሚሞላ ከሆነ ከሚያመርተው አየር 40 በመቶው በየቀዳዳው ይወጣል ማለት ነው። 55 ሲባዛ በ0.4 ሲባዛ በ24፦ በአንድ እሑድ 528 ኪሎዋት ሰዓት፣ ባዶውን ሲዞር የሚበላው ሳይቆጠር። ለማን? ለማንም።

በሳሙና ውኃ እየፈለግን ሁለት ሰዓት ዞርን። ትልቁን ለማግኘት ሳሙና አላስፈለገም፤ ማሸጊያ ማሽኑ ሥር በጎማ ቁራጭ የታሰረ ቱቦ ነበር፣ እጅ ሲጠጋው እንደ ንፋስ ይሰማል። በ7 ባር ግፊት የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። የዋናው ቫልቭ እጀታ ዝጎ ስለነበር ቅዳሜ ማታ የሚዘጋው ሰው አልነበረም። የተቀየረው አንድ ቫልቭ፣ ጥቂት ማያያዣና ጥቂት ሜትር ቱቦ ነው። የጥገና ኃላፊው ሰኞ ጠዋት ሲደውልልኝ ስለ ኤሌክትሪኩ አላነሳም፤ “ማሽኖቹ አየር አነሰን ማለት ተዉ” ነው ያለኝ። ሁለተኛ ኮምፕረሰር ለመግዛት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ነበር።

የውጭ አማካሪ የሰጠን ምክር ለአዲስ አበባ ይሠራል?

አብዛኛው ይሠራል፤ ከፍታን የሚረሳ ግን አለ። የተለመደ ሞተር ስሌቱ የተሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ “ሞተራችሁ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነው፣ በትንሽ ቀይሩት” ሲባል ከፍታው ታስቦ እንደሆነ ጠይቁ። ኮምፕረሰርም እዚህ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በክብደት በባሕር ጠለል ከሚስበው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ተርቦቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ጀነሬተር ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል እዚህ አይሰጥም። ክፍት የውኃ ታንክ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ “የቦይለር ውኃውን 95 አድርሱት” የሚል ሪፖርት አይቻለሁ።

ፓምፕና ፋን ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እንግጠም ወይ?

ጭነቱ የሚለዋወጥ ከሆነ አዎ። የፋን ፍጥነት ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ወደ 51 በመቶ ይወርዳል፤ ኃይሉ የሚለዋወጠው ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚወጣው ቁጥር (0.8 × 0.8 × 0.8) ልክ ስለሆነ ነው። ጭነቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን መቆጣጠሪያው ራሱ ትንሽ ይበላል እንጂ አያድንም። ሻጩ ይህን ሁለተኛውን አይነግራችሁም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ኦዲት ከሚያወጣቸው ምክሮች ብዙዎቹ ብድር አይጠይቁም፦ ፍሳሽ መድፈን፣ ግፊት መቀነስ (በ7 ባር አካባቢ አንድ ባር መቀነስ የኮምፕረሰሩን ፍጆታ 6 በመቶ ገደማ ያወርዳል)፣ ቧንቧ መሸፈን፣ የቦይለሩን አየርና ነዳጅ ማመጣጠን። መጀመሪያ እነዚህን ሠርታችሁ የተረፈውን በሌላ ሂሳብ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ማሽን መግዣ ይሁን። ያን ካላደረጋችሁ የተቆጠበው ብር በጠቅላላ ወጪ ውስጥ ይሟሟል፤ በዓመቱ መጨረሻ “ምኑን ቆጠብን?” የሚል ሰው አይጠፋም። ለትልቁ ማሽን የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች የሚሰጠው የሊዝ ፋይናንስ አንድ መንገድ ነው። በሌሎች አገሮች ደግሞ የኢነርጂ አገልግሎት ኩባንያ የሚባል አለ፤ በራሱ ገንዘብ ይገጥምላችሁና ከተቆጠበው ላይ ይከፈለዋል። እንዲህ ያለ ውል የሚያቀርብላችሁ ካገኛችሁ መነሻው እንዴት እንደተለካ የሚለውን አንቀጽ በደንብ አንብቡ፤ ጭቅጭቅ ከተነሳ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

አይኤስኦ 50001 መያዝ ግዴታ ነው?

በእኛ አገር አይደለም። ወደ አውሮፓ የምትልኩ ከሆነ ገዥያችሁ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ፋይል ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለቧንቧ መሸፈኛ አውሉት።

ኦዲተር ከመጥራታችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

የ12 ወር የኤሌክትሪክ ቢልና የነዳጅ መግዣ ደረሰኝ፣ የዚያኑ 12 ወር የምርት መዝገብ፣ የሞተሮች ዝርዝር ከነሰሌዳቸው። የሰሌዳው ጽሑፍ በቀለም ከተሸፈነ (ሁልጊዜ ይሸፈናል) በጥንቃቄ አስጠርጉት።

ከዚያ ዘበኞቹን ጠይቁ። አንድ ደብተር ስጧቸው፤ ቅዳሜ ምርት ሲቆም የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፣ ሰኞ ጠዋት ምርት ከመጀመሩ በፊት እንደገና ይጻፉ። አጠገቡ ደግሞ ሌሊት የትኛው ነገር ሲጮህ እንደሚሰሙ ይጻፉ።